ሳጥኗ ቤት ቀየረች፣ 911 አሌክሳንድሪያ ቀረ

የእናቴን የቤት ስልክ መስመር አስቆርጬ በኢንተርኔት የሚሠራውን ካስገባሁ ዘጠኝ ወር ሆነኝ። እስካለፈው ወር ድረስ ለጠየቀኝ ሁሉ "ምን ትጠብቃላችሁ፣ ቀይሩ" ነበር መልሴ። ለድሮው መስመር ከነታክሱ በወር 58 ዶላር እንከፍል ነበር፤ አሁን 14 ነው። ድምፁም ጥርት ያለ ነው። ስልኩ ራሱ እማዬ የለመደችው ባለ ትልልቅ ቁልፉ ነው፤ ገመዱን ከግድግዳው ነቅዬ አዳፕተር በሚሏት ትንሽ ሳጥን ላይ ሰካሁት፣ ሳጥኗን ከራውተሩ ጋር አገናኘሁ፣ አረንጓዴ መብራት በራ፣ አለቀ።

ከሁሉ ያስደሰተኝ ቁጥሩ አለመቀየሩ ነው። ያንን በ703 የሚጀምር ቁጥር አዲስ አበባ ያሉት እህቶቿም የማኅበሯ ሴቶችም በቃላቸው ይዘውታል። ኤፕሪል ላይ ከቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ወደ ሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ ስንዛወር ሳጥኗን በቦርሳዬ ይዣት ሄድኩ። ሻጩም "ቤት ቢቀይሩ ይዘው መሄድ ነው፣ ሌላ ጣጣ የለውም" ብሎኝ ነበር። እውነቱን ነው፤ ሜሪላንድ ተቀምጠን የቨርጂኒያ ቁጥራችን ጠራ።

ባለፈው ወር አንድ ሌሊት ፈረቃ ላይ ነበርኩ፤ ስልኬ ሎከር ውስጥ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ የእማዬ ስኳር ወረደ። እኔን ሦስት ጊዜ ደውላ ስታጣኝ ወደ አደጋ ጊዜ ጥሪው፣ 911 ደወለች። እንግሊዝኛዋ ከ"ሄልፕ፣ ሹገር" አያልፍም። ጥሪው የገባው አሁን ባለንበት ሞንትጎመሪ ካውንቲ ሳይሆን አሌክሳንድሪያ ነው፤ ስክሪናቸው ላይ የወጣውም የድሮው አፓርታማችን። ሰዎቹ ምን ያድርጉ፣ ያዩትን አምነው መኪና ላኩ። አማርኛ አስተርጓሚ መስመሩ ላይ እስኪገባ፣ እማዬ "ያለሁት ሲልቨር ስፕሪንግ ነው" እስክትል፣ ከዚያ ወደ ሞንትጎመሪ እስኪያዛውሯት የሄደውን ደቂቃ መቁጠር አልፈልግም። ደግነቱ ፍሪጅ ከፍታ የብርቱካን ጭማቂ ጠጥታ፣ በሩን ገርበብ አድርጋ ቁጭ ብላ ጠበቀቻቸው። እኔ ሎከሬን ስከፍት የማገኘው የድሮ ጎረቤታችንን የድምፅ መልእክት ነው፦ "አንቺ፣ የእሳት አደጋ ሰዎች የድሮ ቤታችሁን በር እየደበደቡ ነው፤ እማማ ደህና ናቸው?"

ነገሩ እንዲህ ነው። የድሮው መስመር ከቤቱ ጋር የተጣበቀ ስለሆነ የት እንዳለ ይታወቃል። ሳጥኗ ግን የትም ብትሰካ ያው ናት፤ 911 የሚያየው እኔ ስመዘገብ የሞላሁትን አድራሻ ብቻ ነው።

አንተ ሻጩ፣ "እህቴ፣ ውሉ ላይ እኮ ተጽፏል" ትለኛለህ። አዎ፣ ተጽፏል። የፌዴራሉ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽንም በ2005 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያሉ ኩባንያዎች ስለ 911 ገደብ ደንበኞቻቸውን እንዲያስጠነቅቁ፣ ስልኩ አጠገብ የሚለጠፍ ስቲከርም እንዲሰጡ አዟል። አዳፕተሯ የመጣችበትን ካርቶን ቁም ሳጥን ላይ አግኝቼ ስበረብረው ስቲከሩ ከነላስቲኩ ከሥር ተኝቷል። እሺ፣ ሕጉን አሟልተሃል። ግን "ይዘው መሄድ ነው" ባልክበት አፍህ "አድራሻዎን ያስተካክሉ" ማለት ምን ይከብድህ ነበር? ኢትዮጵያ መደወል "ያልተገደበ" በሚባለው ጥቅል ውስጥ እንደሌለ እንኳ ደብቀኸኝ ነበር፤ እሱንስ በቫይበር ተወጣነው።

መብራት ሲጠፋ ሳጥኗም አብራ ትጠፋለች። የድሮው መስመር የመዳብ ሽቦ ኃይሉን ከስልክ ጣቢያው ስለሚያገኝ በጨለማም ይሠራ ነበር። ይሄን ግን አስቀድሜ አውቄ ባትሪ ገዝቻለሁ፤ በዚህ ሻጩን አልከስም።

ሁለት ቀን ሙሉ "ነቅዬ ነው የምጥላት" ስል ሰነበትኩ። የ44 ዶላሩ ልዩነትና ያ የ703 ቁጥር ያዙኝ። አድራሻውን ኢንተርኔት ላይ ለመቀየር ሦስት ደቂቃ አልፈጀም፤ ይሄ ነው ይበልጥ ያናደደኝ። ከዚያ 933 ደወልኩ፤ በእኛ ኩባንያ የተመዘገበውን አድራሻ በማሽን ድምፅ ያነባል። ሦስቴ አዳመጥኩት።

ስቲከሩን ስልኩ ላይ ለጠፍኩ። እማዬ እንግሊዝኛ ስለማታነብ አጠገቡ አድራሻችንን በአማርኛ ፊደል፣ እንግሊዝኛው እንደሚጠራው አድርጌ በትልቁ ጻፍኩላት። መነጽሯን አድርጋ ጮክ ብላ አነበበችው።

"ያኛው ስልክ ግን ይህን ሁሉ ሳያስነብበኝ ቤቴን ያውቅ ነበር" አለች።