ዋየርለስ ኔትወርክ ዋቸር፦ በጋራ ዋይፋይ ላይ ለወራት ከተጠቀምኩበት በኋላ

የምኖርበት ግቢ ዋናው ቤትም ሰርቪሶቹም የሚጠቀሙት በአንድ የኢንተርኔት መስመር ነው። ወርሃዊውን ክፍያ እንካፈላለን። ራውተሩ እኔ ክፍል ስለተቀመጠ «ዛሬ ደግሞ ምን ሆኖ ነው የሚንቀራፈፈው?» የሚለው ጥያቄ የሚመጣው ወደ እኔ ነው። የኒርሶፍትን ዋየርለስ ኔትወርክ ዋቸር ላፕቶፔ ላይ የጫንኩት ለዚሁ ነው፤ ከክረምቱ በፊት ጀምሬ እስካሁን እየተጠቀምኩበት ነው።

በነፃ የሚገኝ፣ ለዊንዶውስ ብቻ የተሠራ ትንሽ ፕሮግራም ነው። ኢንስቶል ማድረግ አያስፈልግም፤ ዚፑን ፈትቶ መክፈት ይበቃል። ላፕቶፑ የተገናኘበት ኔትወርክ ላይ ያሉትን መሣሪያዎች ከነአይፒያቸው (ራውተሩ ለእያንዳንዱ መሣሪያ የሚያድለው ቁጥር)፣ ከነማክ አድራሻቸው (መሣሪያውን ከኔትወርክ ጋር የሚያገናኘው ካርድ መለያ፣ በቁጥርና በፊደል ጥንዶች የሚጻፍ) እና ከነአምራቻቸው ይዘረዝራል። አምራቹን የሚያውቀው ከማክ አድራሻው የመጀመሪያ ሦስት ጥንድ ምልክቶች ነው። እነዚህን ለየድርጅቱ የሚያድለው አይኢኢኢ የተባለው የመሐንዲሶች ማኅበር ነው።

ሰው ቶሎ የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው። ዝርዝሩ ላይ የሚወጣው የኔትወርክ ካርዱ አምራች እንጂ ዕቃው ላይ የተጻፈው ብራንድ አይደለም። «ሆን ሃይ» የሚል ስም ብታዩ ፎክስኮን ማለት ነው፤ ለብዙ ብራንዶች ዕቃ የሚገጣጥም ድርጅት። «ኤስፕሬሲፍ» ደግሞ ስማርት አምፖልና ሶኬት ውስጥ የሚገባ ቺፕ ይሠራል። በስሙ እንግዳነት ብቻ ጎረቤትን መጠርጠር ተገቢ አይደለም።

ከዚህ የከበደኝ የስልኮች ነገር ነው። ከአንድሮይድ 10 (2019) እና ከአይኦኤስ 14 (2020) ወዲህ ስልኮች እውነተኛውን ማክ አድራሻ ሰውረው ለእያንዳንዱ የዋይፋይ ስም በዘፈቀደ የተፈጠረ ሌላ አድራሻ ይጠቀማሉ። የእኛ ራውተር ሁለቱን የዋይፋይ ሞገዶች፣ 2.4 እና 5 ጊጋኸርዙን፣ በሁለት የተለያዩ ስሞች ነው የሚያሰራጨው። ስለዚህ አንድ ስልክ ዛሬ በአንዱ፣ ነገ በሌላው ሲገባ ሁለት የማይታወቁ መሣሪያዎች ሆኖ ይመዘገባል፤ የአምራቹ ቦታም ባዶ ይሆናል። መለያው ቀላል ነው፦ የማክ አድራሻው ሁለተኛ ምልክት 2፣ 6፣ ኤ ወይም ኢ ከሆነ አድራሻው ከፋብሪካ የወጣ አይደለም። ይህን ካወቅኩ በኋላ «ሰርጎ ገብ» ያልናቸው አብዛኞቹ የግቢው ሰዎች ስልኮች ሆነው ተገኙ።

ፕሮግራሙን የወደድኩት ለእያንዳንዱ መሣሪያ የራሴን ማስታወሻ ስለሚያስጽፈኝ ነው። ቡና ላይ ስንሰበሰብ እያንዳንዱን ሰው ዋይፋዩን አጥፍቶ እንዲያበራ ጠየቅኩ፤ ያን ጊዜ ብቅ ያለውን መስመር «የእትዬ ስልክ»፣ «የኋላ ቤት ቴሌቪዥን» እያልኩ ሰየምኩ። ማስታወሻው ከማክ አድራሻው ጋር መያያዙ ትልቅ ነገር ነው፤ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ራውተሩ አይፒውን እንደገና ሊያድል ስለሚችል በአይፒ መዝገብ መያዝ ከንቱ ድካም ነው። ከበስተጀርባ እንዲቃኝ ካደረጋችሁት አዲስ መሣሪያ ሲገባ በድምፅ ያሳውቃል፤ መጀመሪያ የታየበትን ቀንና ሰዓትም ይይዛል። «ይህ መሣሪያ ቅዳሜ ማታ ነው የገባው፤ እንግዳ ነበራችሁ?» ብሎ በሰላም ለመጠየቅ ይህ በቂ ነው።

የማይሠራውንም ልንገራችሁ። ማንንም አያቋርጥም፤ ማን ምን ያህል ዳታ እንደጨረሰም አያሳይም። አንድ ተከራይ የራሱን ራውተር ከግቢው ዋይፋይ ጋር ካገናኘ ከጀርባው አሥር ስልክ ቢኖር እንኳ የሚታየው አንድ መሣሪያ ነው። የእንግዳ ኔትወርክ ለብቻው ከተከፈተ ደግሞ በዚያ የገቡት ጭራሽ አይታዩም።

ለጋራ ግቢ የምመክረው መጀመሪያ መዝገቡን መሙላት፣ ፓስዎርድ መቀየርን ለኋላ ማቆየት ነው። ሳያጣሩ መቀየር ቤተሰቡን ሁሉ ያስቸግራል፤ አዲሱ ፓስዎርድም በአንድ ሳምንት ውስጥ በዚያው መንገድ ይዳረሳል። ዊንዶውስ ላፕቶፕ የሌላችሁ በስልክ አፕ ብዙ አትድከሙ፤ አዳዲስ አንድሮይድና አይፎኖች የሌላውን መሣሪያ ማክ አድራሻ ለአፖች አይሰጡም። የራውተሩን ገጽ በብሮውዘር ከፍታችሁ የተገናኙትን ዝርዝር ማየት ይሻላችኋል።