ከካይሮ ወደ አስቄጥስ፦ የአንድ ቀን የገዳማት ጉብኝት

ከካይሮ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደሚርቀው አስቄጥስ (ዋዲ ናትሩን) የሚሸጠው የአንድ ቀን ጉብኝት በዚህ የግብፅ በረሃ ሸለቆ ላሉት አራት ገዳማት አይበቃም። የአባ ብሶይን ገዳም ያስቀድሙ፤ ቅዱሱ ጌታን በሽማግሌ አምሳል አግኝቶ ስላዘለው የቅዱሱ ሥጋ አልፈረሰም ይባላል። ጎረቤቱ በእግር የሚደረሰው የሶርያውያን ገዳም ነው፤ እዚያ ያለው ሮቃ ዛፍ ከቅዱስ ኤፍሬም በትር በቀለ ይባላል።

የጉብኝቱ ደካማ ክፍል የአባ መቃርስ ገዳም ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ እድሳት ከቤተ ክርስቲያኑ ሰሜናዊ ግድግዳ ሥር የተገኘውን ዐፅም አስጎብኚው ያለ ማብራሪያ «የመጥምቁ ዮሐንስና የኤልሳዕ» ብሎ ያልፋል። የዚህ አባባል መነሻ ግን የገዳሙ ትውፊትና የ11ኛውና የ16ኛው ክፍለ ዘመን የእጅ ጽሑፎች ናቸው፤ ይህን ይጠይቁት። ደግሞ በጾም ወራት መቃርስ ብዙ ጊዜ ለጎብኚ ዝግ ስለሆነ፣ ሳይከፍሉ የኮፕቶችን (የግብፅ ኦርቶዶክሳውያንን) አጽዋማት ያጣሩ።