ጥቁር መኪና፣ ሴራሚክ ኮቲንግ እና የማይለቅ የውሃ ነጠብጣብ

ቤቴ ሆኜ ፖሊሽ ካደረግሁት (ጭረቱ እንዲጠፋ ላዩን በስሱ ከፋቅሁት) በኋላ ሴራሚክ ኮቲንግ፣ ማለትም ቀለሙ ላይ ደርቆ የሚጠነክር ስስ መከላከያ ፈሳሽ፣ የቀባሁት ጥቁር መኪናዬ ወራት አስቆጥሯል፤ ዛሬ ከሩቅ ዓይን ውስጥ የሚገባው ግን የቀለሙ ጥራት ሳይሆን ኮፈኑንና ጣሪያውን የሞላው ነጭ የውሃ ነጠብጣብ ነው። በሌላው በኩል ሽፋኑ ብዙም አላስቸገረኝም፤ ጭቃው በቀላሉ ይለቃል፣ እጥበቱም ከበፊቱ ቶሎ ያልቃል። ይሁን እንጂ ያን ሁሉ የለፋሁት ለቀለሙ ውበት ስለነበር፣ ፀሐይ በጎን ስትመታው ኮፈኑ ተዥጎርጉሮ ሳየው የቀረው ጥቅም ሁሉ ዋጋ ያጣብኛል።

ጠጋ ብለው ሲያዩት እያንዳንዱ ነጠብጣብ ቀለበት ነው፤ መሐሉ ጥቁር እንደሆነ ይቀራል፣ ዳር ዳሩ ግን እንደ ኖራ ነጥቶ ይወፍራል፣ ጥፍር በስሱ ሲያልፍበትም ይሻክራል። የቧንቧም ሆነ የጉድጓድ ውሃ የሟሟ ካልሲየምና ማግኒዥየም ይይዛል፤ ውሃው ሲተን እነዚህ ማዕድናት አብረው አይሄዱም፣ ጠብታው በነበረበት ቦታ፣ በተለይም በጠርዙ ላይ ደርቀው ይቀራሉ። ይህ በማንኛውም ቀለም ላይ ይደርሳል። ልዩነቱ ሴራሚኩ ውሃን የሚገፋ መሆኑ ነው። ባልተቀባ አሮጌ ቀለም ላይ ተዘርግቶ በስሱ የሚደርቀው ውሃ በሴራሚክ ላይ ተሰብስቦ ድብልብል ጠብታ ይሆናል። በሮቹ ላይ ጠብታው ተንከባልሎ ስለሚወርድ በሮቹ ዛሬም ንጹሕ ናቸው። ጋደም ብለው በተሠሩት በኮፈኑና በጣሪያው ላይ ግን የሚወርድበት ቁልቁለት የለውምና ባለበት ተቀምጦ ይደርቃል፤ የያዘውን ማዕድን በሙሉም በዚያች ጠባብ ቦታ ላይ ያከማቻል።

ሻጮች ዕቃውን ለማስወደድ የሚያሳዩት ደግሞ ይህንኑ ጠብታ ነው። ውሃ ይረጩበታል፣ ጠብታዎቹ ሲያብረቀርቁ ያሳያሉ፣ ቀለሙ መጠበቁን የሚያረጋግጠው ይህ ነው ይላሉ። እኔም ያንኑ ኮፈን ውሃው ፀሐይ ላይ ከደረቀ በኋላ ለምን እንደማያሳዩን እጠይቃለሁ። «ካጠቡ በኋላ ወዲያው ያድርቁት» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ሁልጊዜም በትልቅ ማይክሮፋይበር ጨርቅ አደርቃለሁ፤ ሌሊት የሚወርደውን ጤዛና ሳይታሰብ የሚጥለውን ካፊያ ግን ማን ያድርቅልኝ? የዝናብ ውሃ በራሱ ብዙ ማዕድን የለውም፤ ሆኖም ኮፈኑ ላይ ከተኛው አቧራ ጋር ተቀላቅሎ ሲደርቅ ያው ቀለበት ይወጣዋል። መኪና ደግሞ ውጭ የሚውልና የሚያድር ዕቃ ነው፤ ዝናብ እንዳይነካው ተጠንቅቄ የምይዘው ከሆነ መከላከያውን መግዛት ለምን አስፈለገኝ?

ሌላው ሻጮች የሚመኩበት «9ኤች ጥንካሬ» የሚለው ነው። ይህ ቁጥር የተወሰደው ከእርሳስ መለኪያ ነው፤ ከለስላሳው ጀምሮ እስከ ጠንካራው 9ኤች ድረስ ያሉትን የግራፋይት እርሳሶች በሽፋኑ ላይ እየገፉ የትኛው እንደሚጭረው ያያሉ። ስለዚህ ቁጥሩ የሚነግረን ሽፋኑ እርሳስን መቋቋሙን ብቻ ነው። አቧራ ውስጥ ያለው ኳርትዝ የተባለው የአሸዋ ማዕድን ከግራፋይት እጅግ የጠነከረ ነው፤ በቆሸሸ ጨርቅ ከታሸ ከጥቂት ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺኛ) የማያልፈውን ይህን ስስ ሽፋን ይጭረዋል። ሽፋኑ አይቧጠጥም ብሎ መሸጥ ተገቢ ነው ብዬ አላምንም።

ነጠብጣቡ ትኩስ ሳለ እዳው ገብስ ነው። ነጭ ኮምጣጤን በተጣራ ውሃ አቅጥኖ ጨርቅ መንከር፣ ጨርቁን ጥላ ውስጥ በቀዘቀዘው ኮፈን ላይ ለአጭር ጊዜ ማንጠፍ፣ ከዚያም በብዙ ውሃ ማለቅለቅ ይበቃል፤ አሲዱ ማዕድኑን ያሟሟዋል። ያን ጊዜ ተዳክሞ የነበረው ጠብታ የመሥራት ባሕርይም ይመለሳል፤ ከሁሉ ያስገረመኝም ይህ ነው፣ ምክንያቱም ሽፋኑ አለቀ ብዬ ተስፋ ቆርጬ ነበር። ነገር ግን በፀሐይ ደጋግሞ የተጠበሰው ነጠብጣብ ወደ ውስጥ ይበላል፤ ነጩ ከለቀቀ በኋላም የቀለበቱ ጥላ ይቀራል። ይህን የሚያወጣው ፖሊሽ ብቻ ነው፤ ፖሊሹ ደግሞ ሴራሚኩን አብሮ ይልጠዋል። የገዛሁት ዕቃ ያመጣውን ጉዳት ለማንሳት ራሱን ዕቃውን ልጦ መጣል ያስፈልጋል ማለት ነው፤ ከሁሉም በላይ ያስመረረኝ ይኸው ነው። ፖሊሽም እንደልብ የሚደጋገም ሥራ አይደለም። ፋብሪካ የቀባው ክሊር፣ ማለትም ከቀለሙ በላይ ያለው ብርሃን አሳላፊ ሽፋን፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ገደማ ነው፤ ከሰው ፀጉር የሳሳ ነው። እያንዳንዱ ፖሊሽ ከዚያች ላይ ጥቂት ይወስዳል።

ፖሊሽ ያደረግሁበትን ማሽን ግን ማንም እንዲነቅፍብኝ አልፈቅድም። እየዞረ ጎን ለጎንም የሚርገበገበው ዓይነት ነው፤ በአንድ ቦታ ብቻ ከሚሽከረከረው ይልቅ ሙቀቱ አነስተኛ ስለሆነ ቀለም የማቃጠል አደጋው በጣም ዝቅተኛ ነው። በመጀመሪያው ሥራ ላይ የሸረሪት ድር የመሰለውን ጭረት ከበሮቹ ላይ ሲያነሳልኝ፣ ጭረቱ በቅባት ተሸፍኖ እንዳይሆን በአልኮል ጠርጌ ፈትሼዋለሁ፤ ከአልኮሉ በኋላም ቀለሙ ያው ጥርት ያለ ነበር። ዛሬ ድረስ በሮቹን ባየሁ ቁጥር አንጀቴ ይርሳል። ይህን ውበት የሰጠኝ ፖሊሹ እንጂ ከጠርሙሱ የወጣው ፈሳሽ አይደለም፤ ሻጮች ግን ምስጋናውን ሁሉ ለጠርሙሱ ይሰጣሉ።

ስለዚህ ጥቁር መኪና ያለውና ውጭ የሚያቆም ሰው ቢጠይቀኝ ገንዘቡን ማሽኑ፣ ጥሩ ስፖንጅና ንጹሕ ጨርቅ ላይ እንዲያውል እመክረዋለሁ፤ ሴራሚኩን ግን በጄ አልልም። ነጭ ወይም ብርማ መኪና ያለው ሰው ነጠብጣቡ ብዙም ስለማይታየው ሌላ ፍርድ ሊሰጥ ይችላል፤ አልከራከረውም። እኔ ኮፈኑንና ጣሪያውን በለስላሳ ስፖንጅ አንድ ጊዜ በስሱ ፖሊሽ አድርጌ ካርናውባ በተባለው የዘንባባ ቅጠል ሰም እሸፍናቸዋለሁ። ሰሙ ከሳምንታት ወይም ከሁለት ከሦስት ወራት በላይ እንደማይቆይ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ነጠብጣብ ሲበላው ክሊሩን ሳልነካ አንስቼ በእጅ መልሼ ልቀባው እችላለሁ። በሮቹ ላይ ያለው ሴራሚክ እስኪያልቅ ድረስ ባለበት ይቆያል።