የኦክስጅን ማሽን ለወርቅ ማቅለጫ፦ ከወራት በኋላ

የወርቅና የብር ማቅለጫ ቶርቼን ከተራ አየር ወደ ኦክስጅን ካዞርኩት ወራት አልፈዋል። የገዛሁት ያገለገለ የሕክምና ኦክስጅን ማሽን ነው፤ በደቂቃ 5 ሊትር የሚሰጠው ዓይነት። ሻጩ «ወርቁን እንደ ቅቤ ነው የሚያቀልጥልህ» ብሎኝ ነበር። በወርቁ አልዋሸም። የብሩን ነገር ግን አላነሳውም።

ማሽኑ ኦክስጅኑን የሚያገኘው ከዚሁ ከአየር ነው። ውስጡ ዚዮላይት የሚባል ማዕድን አለ። ናይትሮጅኑን እየያዘ 93% ገደማ ኦክስጅን ያሳልፋል። በዚሁ መንገድ ለምድጃቸው ኦክስጅን የሚያመርቱ ትልልቅ የብርጭቆ ፋብሪካዎችም አሉ። አየር ውስጥ ኦክስጅኑ 21% ብቻ ነው። 78% የሚሆነው ናይትሮጅን ለማንደድ አይረዳም፤ ሙቀቱን ተሻምቶ በጭስ ማውጫው ውልቅ ይላል። ጋዝ የምንገዛው እሱን ለማሞቅ ነው እንዴ? ፕሮፔን የሚባለው የቶርቹ ጋዝ በአየር ሲነድ ነበልባሉ ቢበዛ ወደ 1,970 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። በንጹሕ ኦክስጅን ግን 2,800 ገደማ ይደርሳል። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ከፍታው አለ። አየሩ ስስ ስለሆነ ወናፉ ያንኑ ያህል ቢነፋም፣ የሚደርሰው ኦክስጅን ከባሕር ጠረፍ በሩብ ገደማ ያንሳል።

ወርቅ በ1,064 ዲግሪ ይቀልጣል። ድሮ ብዙ ያስጠብቀኝ የነበረው የቀለበት ወርቅ አሁን ቶሎ ፈሳሽ ይሆናል። ጋዙም ይበረክታል።

ብሩ ነው ጣጣው። የቀለጠ ብር ኦክስጅን ይጠጣል፤ በይዘት (በቮልዩም) ከራሱ 20 እጥፍ ገደማ። ሲረጋ መልሶ ይተፋዋል፤ አንዳንዴ ይፈናጠራል። ከብሩ የተሠራው መስቀል ሲወለወል የመርፌ ቀዳዳ የመሰሉ ነጥቦች ብቅ ይላሉ። ማርትሬዛ፣ የድሮውን የብር ገንዘብ፣ የሚያቀልጥ ሰው ደግሞ ሌላም አለበት። ብሩ 83.3% ነው፤ የቀረው በአብዛኛው መዳብ ስለሆነ ኦክስጅን ሲበዛበት ይጠቁራል። ስለዚህ ለብር ጋዙን አበዛለሁ፣ ኦክስጅኑን እቀንሳለሁ፤ ነበልባሉ ለስለስ ብሎ ጫፉ ቢጫ እስኪነካው። ብረቱን ከኦክስጅን የሚከልለውን ዱቄት፣ ቦራክስን፣ አልሰስትም። ላዩ ላይ የከሰል ቁራጭ ጣል ማድረግም ይረዳል። ሥራችሁ ብር ብቻ ከሆነ ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ይቅርባችሁ።

አቅሙም ውስን ነው። 1 ሊትር ፕሮፔን 5 ሊትር ኦክስጅን ይፈልጋል፤ ማሽኑ ያለው ያችው ናት። ግፊቱም ዝቅተኛ ስለሆነ በትልቅ ቶርች አፍ ላይ ነበልባሉ ይልፈሰፈሳል። በአንዴ ብዙ የሚያቀልጥ ሰው ሲሊንደር ይሻለዋል። እኔ ለጥቂት ቀለበት ስለሆነ በቃኝ።

መብራት ሲጠፋ ሥራ ይቆማል። ሲመለስም ንጽሕናው እስኪስተካከል ጥቂት ደቂቃ ይጠበቃል። ማጣሪያው የሰፈራችንን አቧራ አይችልም፤ ቶሎ ቶሎ ማጽዳት ነው።

አንድ ነገር ግን ችላ አይባልም። የኦክስጅን መስመር ላይ ዘይትም ቅባትም አይነካም፤ ይቀጣጠላል። በሁለቱም ቱቦ ላይ እሳት ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግድ ቫልቭ ግጠሙ። ማሽኑን ያለ ሥራ ከፍታችሁ አትሂዱ፤ ኦክስጅን በሞላው ጠባብ ክፍል ልብስም በትንሽ ፍንጣሪ ይያያዛል።