የካ አባዶ ያለው ፎቶ ኮፒ ቤትና ያሳተምኩት የስለላ ሰነድ

የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ ከታክሲ መውረጃው ወረድ ብሎ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት አለ። ቅሬታም ስላለኝ ስሙን አልጽፍም። ባለፈው ሳምንት 140 ገጽ በፍላሽ ወስጄ አሳትሜ አስጠረዝኩ።

ጡረታ የወጣሁ የታሪክ መምህር ነኝ። የሰፈራችን ዕድር ጸሐፊም ነኝ። በስልክ ማንበብ ዓይኔን ያመኛል። ያሳተምኩት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካኖች ስለ ጃፓን ያጠኑት ነው። እ.ኤ.አ. በ1942 የተቋቋመው የስለላ ድርጅታቸው ኦኤስኤስ በርካታ ምሁራን ነበሩት። የጃፓንን ጋዜጣ ያነቡ ነበር፣ ሬዲዮውን ያዳምጡ ነበር፣ የተማረኩ ወረቀቶችንም ያገላብጡ ነበር። ጃፓንን ሲይዙ እዚያ ማን በምን ላይ ሥልጣን እንዳለው አስቀድመው ማወቅ ነበረባቸው።

በጣም የያዘኝ ቶናሪጉሚ የሚባለው ነገር ነው። የጃፓን የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር በ1940 መስከረም ላይ ባወጣው ትእዛዝ፣ አሥር ያህል ቤተሰብ በአንድ ቡድን ተደራጀ። የቆየ ሥር አለው፤ ቀድሞ አገሪቱን በገዙት የጦር አለቆች፣ በሾጉኖቹ ዘመንም አምስት አምስት ቤት አንዱ ለሌላው ተጠያቂ ነበር። መልእክት የሚደርሰው በሰሌዳ ነው። ወረቀት የተያያዘበት ሰሌዳ ከቤት ቤት ይዞራል፣ ያነበበው ማህተሙን ያሳርፍና ለጎረቤቱ ያቀብላል። ማህተም የሌለበት ቤት ወዲያው ይታያል። የሩዝ ራሽኑም፣ የጦርነት ቦንዱም፣ ለቦምብ እሳት ማጥፊያ ባልዲ ቅብብሎሹም በዚያው ቡድን ነው። በላዩ ላይ የሰፈር ፖሊስ ቤት ለቤት እየዞረ ማን እንደሚኖር ይመዘግባል።

እዚህ ላይ ስደርስ ወረቀቱን አስቀመጥኩት። በደርግ ጊዜ ቀበሌ ሱቅ ተሰልፌ ስኳርና ሳሙና ወስጃለሁ። የራሽን ካርዳችን ላይ ምልክት የሚያደርገው ሰውዬ፣ ማታ እነማን ቤት እንግዳ እንዳደረ የሚጠይቀውም እሱ ነበር። እናቴ እንግዳ ሲመጣባት መጀመሪያ የምታስበው ስለ ስኳሩ ነበር። ስኳር ያጣ ቤት አይከራከርም። አሜሪካኖቹም ጃፓንን ከያዙ በኋላ እነዚያን ቡድኖች ወዲያው አላፈረሷቸውም፤ ራሽኑ የሚታደለው በእነሱ ነበርና። የታገዱት በ1947 ነው። የፖለቲካ ፖሊሱ ቶኮ ግን በ1945 ጥቅምት ላይ ፈረሰ።

ወደ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ልመለስ። ገጹ 5 ብር ነው፣ ስፓይራሉ ለብቻው። ዋናው በታይፕ የተጻፈና የደበዘዘ ስለሆነ ልጅቷ ጥቁረቱን ጨምራ አወጣችው፤ ቆንጆ ነው። ነገር ግን የሠንጠረዦቹ ቀኝ ጠርዝ ተቆርጦ ቁጥሮቹ ጠፍተው አገኘኋቸው። መጀመሪያ «ፋይሉ እንደዚያ ነው» አለችኝ። ስልኬ ላይ ከፍቼ ሳሳያት ዝም ብላ ደግማ አሳተመችው፣ አላስከፈለችኝም። እዚያ ላይ አመሰግናታለሁ። ሁለት ገጾችም ተገለባብጠው ተጠርዘዋል፤ ይህን ያየሁት ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው።

ስትጠርዝ የሰሌዳውን ገጽ አየት አደረገችና «ጋሼ፣ ስለ ቀበሌ ነው እንዴ?» አለችኝ። ስለ ጃፓን መሆኑን ነገርኳት። «ታዲያ ማህተም ያላደረገው ምን ይሆናል?» አለችኝ። ሩዙ እንደሚዘገይበት፣ ስሙም ለፖሊስ ሊደርስ እንደሚችል ነገርኳት። ስፓይራሉን ይዛ ትንሽ ቆም አለች።

የምትሄዱ ከሆነ ጠዋት ሂዱ፤ ከሰዓት በኋላ መብራት ይጠፋል። ከማስጠረዛችሁ በፊት ደግሞ ገጽ በገጽ ቁጠሩ።