የወይን ችግኝና የወፍ መረብ ልትገዙ ላሰባችሁ የድሬዳዋና የሐረር ሰዎች ማስጠንቀቂያ

በድሬዳዋ የግብርና ግብዓት ከሚሸጡ ሱቆች የወይን ችግኝ ወይም የወፍ መከላከያ መረብ ለመግዛት ያሰባችሁ ሁሉ ገንዘባችሁን ከመቁጠራችሁ በፊት ይህን እንድታነቡ እለምናችኋለሁ። የሱቁን ስም አልጠቅስም። ዓይነቱን ግን ታውቁታላችሁ፦ በሩ ላይ ችግኝ በጥቁር ላስቲክ ተደርድሮ፣ ውስጡ የጸረ ተባይ ጠርሙስና የጠብታ መስኖ ቱቦ ተከምሮ፣ ግድግዳው ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት ተለጥፎ፣ ባለቤቱ ስልክ ሲያወራ አንድ ወጣት ሠራተኛ ደንበኛ የሚያስተናግድበት ሱቅ ነው። 4,800 ብሬን እዚያ ትቼ ተመልሻለሁ፤ ንዴቴም ገና አልበረደም።

በግቢዬ ዳስ ላይ የወጣው ጥቁር ወይን ዘንድሮ ያማረ ዘለላ ይዞ ነበር። ፍሬው መጥቆር ሲጀምር ግን ማጅራታቸው ላይ ሰማያዊ ምልክት ያለባቸውና ጭራቸው ከገላቸው የሚረዝም እነዚያ አመድማ ወፎች በመንጋ እየመጡ ዘለላውን ያራቁቱት ጀመር። ግቢው ውስጥ ዛፍ ያለው የድሬ ሰው በደንብ ያውቃቸዋል። በቅጠሉ መካከል እየተንጠላጠሉና እየተሽሎከለኩ ከሥር ሳይቀር ይገባሉ፤ ፍሬው ሲያልቅባቸውም ቅጠሉንና እንቡጡን አይምሩም። ማንጎ ወይም ዘይቱን (ጉዋቫ) ቢሆን ኖሮ ሙሉ በሙሉ ሳይበስል ቆርጦ ቤት ውስጥ ማቆየት ይቻል ነበር። ወይን ግን ከተቆረጠ በኋላ ጣፋጭነት አይጨምርም፤ ጎምዛዛ ሆኖ የተቆረጠ ጎምዛዛ ሆኖ ይቀራል፤ እንጆሪም እንዲሁ ነው። ስለዚህ እስኪጣፍጥ ድረስ ዳሱ ላይ መቆየት አለበት፤ እስከዚያ የሚጠብቀው ነገር ቢኖር መረብ ነው።

ሱቁ ውስጥ ለናሙና የተሰቀለውን መረብ በእጄ ዳስሼ አይቼዋለሁ። ክሩ ወፈር ያለ፣ የተሸመነ፣ ጥቁርና ትንሿ ጣቴ በጭንቅ የምታልፍበት ጥሩ መረብ ነበር። ሠራተኛውም ዕቃውን ያወቀ መስሎ ፀሐይ እንደማያበሰብሰው፣ ወፍም እንደማያልፈው አስረዳኝ። በዚያው አራት የወይን ችግኝ ጨመርኩ። ጥቁር ፍሬ የወፍን ዓይን ቶሎ ስለሚስብ፣ ከጥቁሩ ጎን ነጭና ዘር የሌለው ቶምሰን የተባለውን ወይን ብተክል ወፎቹ የሚተዉልኝ ይበዛል ብዬ ነበር። «ቶምሰን ነው፤ ከኛ ሌላ የሚያመጣው የለም» አለኝ። ከፈልኩ። ከጓዳ በገመድ የታሰረ የመረብ ጥቅል አምጥቶ ከችግኞቹ ጋር ባጃጅ ላይ ጫነልኝ።

ገና ብዙ ሳንርቅ የጥቅሉን ጫፍ ፈታሁት። ከውስጡ የወጣው ዓሣ ማጥመጃ የሚመስል፣ ነጠላና ብርሃን የሚያሳልፍ ቀጭን ናይለን ነበር። ቡጢዬን ጨብጬ ከተትኩት፤ ምንም ሳይነካኝ በሌላው በኩል ወጣ። ቡጢ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ወፍ አይከለክልም። ከዚያ የሚብሰው ደግሞ እንዲህ ያለው ቀጭን ክር የወፏን ክንፍና አንገት ጠልፎ ዳሱ ላይ አንጠልጥሎ የሚገድል መሆኑ ነው። ወፍ ፍሬዬን ስለበላ ብቻ እንዲያ ሆኖ እንዲሞት አልፈልግም፤ የሚፈልግ ሰው ያለም አይመስለኝም። ባለባጃጁን አስቁሜ ሁሉንም ተሸክሜ ተመለስኩ።

በሩ ላይ ስደርስ ያየሁት ነገር እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። አንዲት እናት «ጥቁር ወይን አላችሁ?» ብለው ጠየቁ። ያው ሠራተኛ «አለ እንጂ፣ እናቴ» አለና የእኔ ችግኞች ከተነሡበት ረድፍ፣ ባዶ ከቀረው ቦታ አጠገብ አንዱን አነሣ። ከኪሱ ማርከር አወጣ፣ ከፕላስተሩ ቁራጭ ቀደደ፣ «ጥቁር» ብሎ ጻፈበትና ግንዱ ላይ ጠቀለለው። በእቅፌ የያዝኩትን ችግኝ ተመለከትኩ። ያው ፕላስተር ነው፣ ያው የእጅ ጽሑፍ ነው፤ «ነጭ ቶምሰን» ይላል። በአውራ ጣቴ ሳሸው ቀለሙ ገና አልደረቀም ነበርና ጣቴ ላይ ተለቀለቀ። እሱ ሁሉንም አየኝ፤ አልደነገጠም፣ አላፈረም፣ ማርከሩን ክዳኑን ገጥሞ ወደ ኪሱ መለሰ። እናት ግን ነገሩ ገብቷቸው ገንዘባቸውን መልሰው በመቀነታቸው ቋጠሩ።

ገንዘቤን እንዲመልስልኝ በእርጋታ ጠየቅሁት። ጣቱን ግድግዳው ላይ ወዳለው ወረቀት ቀሰረ። መረቡ ናሙናው አለመሆኑን ሳሳየው ደረሰኙን ተቀብሎ ጮክ ብሎ አነበበልኝ፦ «መረብ 1፣ ችግኝ 4። መረብ ወስደሃል፣ ችግኝ ወስደሃል፤ ምን ቀረህ?» ወፎቹ በዚህ መረብ ገብተው እንደሚበሉብኝ ስነግረው ደግሞ «ፋዘር፣ ወፉ ከበላብህ ወፉን ክሰሰው» አለ። ባለቤቱ ስልኩን ከጆሮው ሳያነሣ ሳቀ። ከተማችን ታላቅ ታናሽ ሳትል ሁሉንም አንተ የምትል ናት፤ አንተ መባባል እኛ ዘንድ መቀራረብ እንጂ ንቀት ስላልሆነ እሱ አላስከፋኝም። ያንገበገበኝ ያ ሳቅ ነው። ሰውዬው እየተታለልኩ መሆኑን ያውቃል፣ ማወቁን እንዳወቅሁ ያውቃል፤ ቢሆንም ስልኩን ለመዝጋት እንኳ የምበቃ ሰው አልሆንኩለትም።

«ወይን ወይን ነው፣ ስሙ ምን ያደርግልሃል?» የሚሉኝ አሉ። ብዙ ያደርጋል። ከችግኝ የተተከለ ወይን ፍሬ ለማሳየት ብዙውን ጊዜ ሁለትና ሦስት ዓመት ይወስዳል፤ ሐሰቱ የሚታወቀው ከዚያ በኋላ ነው፤ ውሃው፣ ፍጉ፣ ዳሱና ልፋቱ ሁሉ ካለቀ በኋላ። አገራረዙም በዓይነቱ ይወሰናል። ቶምሰን ከቅርንጫፉ መነሻ አጠገብ ያሉት ዓይኖቹ፣ ማለትም አዲስ ቀንበጥ የሚወጣባቸው እብጠቶች፣ ፍሬ ስለማይሰጡ ብዙ ዓይን ተትቶለት ረጅም ሆኖ ይገረዛል፤ ሌሎች ብዙ ዝርያዎች ግን ሁለት ዓይን ብቻ ቀርቶላቸው አጥረው ቢገረዙም ያፈራሉ። ቶምሰኑን «ጥቁር» ተብሎ የገዛ ሰው አሳጥሮ ይገርዘውና ፍሬውን በገዛ መቀሱ ቆርጦ ይጥላል፤ ከዚያም መሬቱን ወይም ሙቀቱን ሲያማ ይኖራል። ሠራተኛው በማርከሩ የሚጽፈው አንድ ቃል የሰውን የዓመታት ድካም ከንቱ ያደርጋል፤ ለዚህ ነው ነገሩን በዝምታ ማለፍ ያልቻልኩት።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። አቤቱታዬን ጽፌ ለከተማው ንግድ ቢሮ አስገባለሁ። እናንተ ግን እዚያ ሳትደርሱ በፊት፣ መረብ ስትገዙ ጥቅሉን እዚያው አስፈትታችሁ እዩ፤ ክሩ የተሸመነና ወፈር ያለ፣ ቀዳዳውም ከ15 ሚሊ ሜትር ብዙ ያልበለጠ ይሁን፤ የቀዳዳውን ስፋትና የችግኙን ዝርያ ደረሰኙ ላይ አጽፉ። ስትዘረጉት በፍሬው ላይ እንዳይተኛ በእንጨት ወጥሩት፣ ከሥርም ዝጉት። ችግኝ ደግሞ ፍሬውን በአፋችሁ ከቀመሳችሁት የጎረቤት ወይን ቅርንጫፍ ቆርጣችሁ ብታጸድቁ ይሻላል፤ ከቁራጭ የጸደቀ ወይን እናቱን መሆኑ አይቀርም። እኔ ለጊዜው የተረፉትን ዘለላዎች ከአሮጌ የስስ መጋረጃ ጨርቅ በተሰፋ ከረጢት እያንዳንዳቸውን ሸፍኛለሁ።

ከዚያው ረድፍ ወይን ገዝታችሁ የተከላችሁ ካላችሁ ፕላስተሩ ላይ የተጻፈውን አትመኑ፤ የመጀመሪያው ፍሬ ታይቶ ዓይነቱ እስኪለይ ድረስ ከእያንዳንዱ ተክል ጥቂት ቅርንጫፎችን ከአሥር ዓይን በላይ ትታችሁ አስረዝማችሁ ግረዙ።