ባለ ቫኒላ ሲጋር በግማሽ ዋጋ ካያችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ቆም በሉ

ይህን የምጽፈው ሌላ ሰው እንዳይሸወድ ነው። የኔ ገንዘብ ሄዷል። እንደማይመለስም ሻጩ በግልጽ ነግሮኛል። ከገንዘቡ በላይ ያንገበገበኝ ሌላ ነገር አለ፤ እሱንም እነግራችኋለሁ።

ጣዕም የተጨመረበት ሲጋር እወዳለሁ፤ በወረቀት የሚጠቀለለውን ሲጋራ ሳይሆን በትምባሆ ቅጠል የሚጠቀለለውን ማለቴ ነው። «ከረሜላ ነው እንጂ ሲጋር አይደለም» የሚሉ አጫሾች አሉ፤ አልስማማም። በሥርዓት የተሠራው ትምባሆውን አይሸፍንም። ቡናው ወይም ቫኒላው ከጢሱ ጋር አብሮ ይመጣል፣ ቅጠሉም እንዳለ ይሰማችኋል። በዚህ ስም ቆሻሻ ሲሸጥ የሚያናድደኝም ለዚህ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ የኦንላይን ሻጭ 20 ባለ ቫኒላ ሲጋር ከእንጨት ሂዩሚዶር (ሲጋር እንዳይደርቅ እርጥበቱን የሚጠብቅ ሳጥን) ጋር በግማሽ ዋጋ አወጣ። «የኩባ፣ ሙሉ በሙሉ በእጅ የተጠቀለለ፣ ውስጡ ሙሉ ቅጠል» ይላል። ሂዩሚዶሩ ነጻ ነው። ፎቶው ያምራል። ከፈልኩ።

እዚያው ላይ መንቃት ነበረብኝ። በእጅ የሚጠቀለሉት የታወቁ የኩባ ሲጋሮች ቫኒላም ሆነ ሌላ ጣዕም አይጨመርባቸውም። በእጅ ተሠርተው ጣዕም የሚጨመርባቸው በብዛት ከኒካራጓና ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ የሚመጡት ናቸው። «የኩባ» እና «ባለ ቫኒላ» በአንድ ማስታወቂያ ላይ ካያችሁ ሌላ ማስረጃ አትፈልጉ፤ ገጹን ዝጉት።

ዕቃው ሲደርስ ሳጥኑን ሳልከፍተው ሽታው ክፍሉን ሞላው። ደስ አለኝ። ሽታው እንዲህ ከሆነ ጣዕሙማ እንዴት ሊሆን ነው አልኩ። ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ጣዕም ወደ ሲጋር የሚገባበት መንገድ አንድ ዓይነት አይደለም። ጊዜ የሚወስደው መንገድ ትምባሆውን መዓዛ ካላቸው ዕፅዋትና ዘይቶች ጋር በተዘጋ ክፍል ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ማቆየት ነው። መዓዛው ቀስ እያለ ወደ ቅጠሉ ይዘልቃል። አቋራጩ ደግሞ ባለቀው ሲጋር ላይ ፈሳሽ ፍሌቨር መርጨት ወይም ሲጋሩን እዚያ ውስጥ መንከር ነው። ትምባሆው ደካማ ሲሆን የዚህ ፈሳሽ ሥራ የቅጠሉን ጉድለት መደበቅ ብቻ ነው። ከንፈር የሚነካውን ጫፍ ማጣፈጥ በጥሩዎቹም ላይ ስላለ እሱን እንደ ማጭበርበር አልቆጥረውም። የኔው ግን ከንፈሬ ላይ ብቻ ነው የጣፈጠው። ጢሱ ውስጥ ቫኒላ የሚባል ነገር የለም። ሲጋሩ ጣት ላይ ይጣበቃል፤ የሚለኮሰው ጫፍ ላይም ፈሳሽ የደረቀበት እድፍ አለ።

አንዱን በምላጭ ከላይ እስከ ታች ሰነጠቅኩት። እንደተባለው ሙሉ ቅጠል ቢሆን ኖሮ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚደርሱ የታጠፉ ቅጠሎች አገኝ ነበር። ያገኘሁት ብጥስጣሽ፣ ብናኝና ስንጥር ነው። ብጥስጣሹን የያዘው ውስጠኛው ጥቅልልም ቅጠል አይደለም። ተፈጭቶ እንደ ወረቀት የተዘረጋ ትምባሆ ነው። ወደ ብርሃን ይዛችሁ ብታዩት የቅጠል ጅማት አይታይበትም። በማሽን በሚሠሩ ርካሽ ሲጋሮች ይህ የተለመደ ነው፤ በስሙና በዋጋው ቢሸጥ ማንም አይቀየምም። በእጅ ተጠቀለለ ብሎ መሸጥ ግን ውሸት ነው። ብጥስጣሹ ደግሞ ቶሎ ይነዳል፣ ይግላል። ምላሴን አቃጠለኝ፣ አፌ መረረ። ግማሹ ላይ እንኳ ሳልደርስ ጣልኩት።

ወደ ነጻው ሂዩሚዶር ልምጣ። ክዳኑ በደንብ አይገጥምም። በላዩ ላይ ያለው የእርጥበት መለኪያ 70 በመቶ ያሳያል። ለሲጋር ጥሩው ከ65 እስከ 70 በመቶ ስለሆነ ደህና ነው ብዬ ነበር። ሲጋሮቹን ጨበጥ ሳደርጋቸው ግን ይንኮሻኮሻሉ፣ ደርቀዋል። መለኪያውን ለመፈተን ቀላል ዘዴ አለ። በጠርሙስ ክዳን ላይ የገበታ ጨው አድርጉ፣ በጥቂት ጠብታ ውሃ አርጥቡት፤ ሟሙቶ ውሃ እንዳይሆን ተጠንቀቁ። ከመለኪያው ጋር አየር በማያስገባ ፕላስቲክ ውስጥ ዘግታችሁ አሳድሩት። የሚሠራ መለኪያ ጠዋት 75 አካባቢ ላይ ይገኛል። የኔው ጠዋትም 70 ነው። አውጥቼ ደረቅ ቦታ አስቀመጥኩት፤ አሁንም 70። መርፌው ጭራሽ አይንቀሳቀስም።

ያንገበገበኝ ነገር ይህ ነው። መለኪያውን ከመፈተኔ በፊት፣ አዲሱ ሳጥን ክዳኑ አላምር ስላለኝ፣ ሲጋሮቹን ወደ ድሮው ሂዩሚዶሬ አዛውሬያቸው ነበር። እዚያ ውስጥ ታላቅ ወንድሜ የሰጠኝ አምስት ሲጋሮች ነበሩ፤ ምንም ጣዕም ያልተጨመረባቸው። አንድ ቀን አብረን እናጨሳቸዋለን ብለን ያስቀመጥናቸው ናቸው። በቀናት ውስጥ ሁሉም ቫኒላ ቫኒላ ሸተቱ። የሂዩሚዶር ውስጥ እንጨት፣ በተለይ ስፓኒሽ ሴዳር፣ ሽታ ይጠጣል፤ ከጠጣ በኋላም ቶሎ አይለቅም። ባዶውን ከፍቼ ለሳምንታት አናፈስኩት። ዛሬም ይሸታል። እባካችሁ፣ ጥሩም ይሁን መጥፎ፣ ፍሌቨር ያለው ሲጋር ለብቻው ዕቃ ይኑረው።

ለሻጩ የተሰነጠቀውን ፎቶ ላክሁለት። «ሽታው እኮ ጥራቱን ያሳያል፣ ደግሞ የተከፈተ ሳጥን አንመልስም» አለኝ። ከዚያ በኋላ መልስ የለም። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ። የት አገር ተሠራ? ጣዕሙ እንዴት ገባ፣ በማቆየት ነው በመርጨት? የሚለኮሰውን ጫፍ በቅርብ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ በሉት። ከተከፈተ በኋላ የመመለስ መብት አለ ወይ? ሐቀኛ ነጋዴ በዚህ አይቆጣም። ሁሉም ነገር ቢያምራችሁ እንኳ መጀመሪያ አንድ ወይም ሁለት ፍሬ ግዙ። ፍሬ አልሸጥም ካለ ተዉት።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ደስ አይለኝም። ማስታወቂያው «ለስላሳ፣ ጉዳቱ ቀላል» ይል ነበር። ቫኒላ የትምባሆን ጉዳት አይቀንስም። አንድ ትልቅ ሲጋር ውስጥ ያለው ትምባሆ የአንድ ፓኬት ሲጋራ ያህል ሊሆን ይችላል። ጢሱን ወደ ውስጥ ባትስቡትም አፍና ጉሮሮ ለካንሰር ይጋለጣሉ። ጣፋጭነቱ ጢሱን ስለሚያለሰልሰው ሰው ሳያስበው ይደጋግመዋል። ጣዕም ያለው ትምባሆ መሸጥ የተከለከለባቸው አገሮችም አሉ፤ ያላችሁበትን አገር ሕግ እወቁ። ይህ ሻጭ ዕድሜዬን እንኳ አልጠየቀኝም። ገዢው ልጅ ይሁን አዋቂ ግድ ያልሰጠው ሰው ስለ ቅጠሉ እውነት ይነግረኛል ብዬ ማመን አልነበረብኝም።

የወንድሜን አምስት ሲጋሮች በሌላ ሳጥን ለብቻቸው አድርጌያቸዋለሁ። ወንድሜ ግድ የለም፣ እንደዚያው እናጨሳቸዋለን ብሏል። ማስታወቂያው ትናንት እንደገና ወጥቷል። ቫኒላውን በቼሪ ቀይሮታል። ፎቶው ላይ ያው ሳጥን አለ፣ መርፌውም ያው 70 ላይ ነው።